የብረት መቋሚያ

ጥሩንባው የተነፋው የሱቄን ቁልፍ ከቦርሳዬ ውስጥ እየፈለግኩ ሳለ ነው። የእድራችን ጥሩንባ ነፊ ድምፁ ጎርናና ስለሆነ ስም ሲጠራ ግማሹን ይውጠዋል። «ልሳነወርቅ ስላረፈ ለቀብር እንዳትቀሩ!» ሲል፣ ደጄ ላይ ሽንኩርት የምትዘረጋው ሴትዮ ቀና ብላ «እሱ ደግሞ ማነው?» አለችኝ። ይታያችሁ! ዓመቱን ሙሉ ከሰውየው ጋራዥ አጠገብ ተቀምጣ የምትሸጥ ሴት ናት። «አያ መቋሚያ» ብሎ ቢጠራላት ኖሮ ሽንኩርቷን በትና ትጮህ ነበር። ትክክለኛ ስሙን የምናውቀው እኔና እህቱ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

እኔ አልጮህኩም። ቁልፉን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ከትናንት ከሰዓት በኋላ ጀምሮ ከዚያ ሰው አፍ አንድ ቃል እየጠበቅኩ ነበር፤ ቃሉ ሳያልቅ ጥሩንባው ቀደመኝ። የትኛው ቃል እንደሆነ እነግራችኋለሁ። መጀመሪያ ግን ሰውየውን ልንገራችሁ።

እኔ የምሸጠው የሞተር ሳይክል መለዋወጫ ነው፤ ከጎንደር ወደ ወለቃ በሚያወጣው መንገድ ዳር። የአያ ልሳኑን ጋራዥ ከሱቄ የሚለየው አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ ብቻ ነበር። ሞተር ይጠግናል፣ ብረት ይበይዳል። እሱ ሲቀጠቅጥ የእኔ መደርደሪያ ይንቀጠቀጣል፤ እኔ ከደንበኛ ጋር ስጨቃጨቅ እሱ ሁሉንም ይሰማል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የእሱን ስም ያወጣው መልአክ ግን ያን ቀን ሥራ በዝቶበት መሆን አለበት። ልሳነወርቅ፣ የወርቅ ምላስ ማለት ነው እንግዲህ፣ አንድ ነገር ተናግሮ እስኪጨርስ የጎረቤት ሽሮ ያርር ነበር። ይንተባተባል። በተለይ «አ» እና «መ» ላይ ሲደርስ የአንገቱ ሥር ይገተራል፣ ዓይኑን ጨፈን ያደርጋል፣ ቃሉ ግን አይወጣም።

እኔን ደግሞ እናቴ «አንቺ እኮ አፍሽ ቀድሞሽ ነው የተወለደ» ትለኝ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን በዕድሜው አክብሬ «አንቱ» ብዬ ብጠራው ተቆጣ። «አ... አ... አንተ በይኝ» አለኝ። ይሄን ያህል ከለፋበትማ ብዬ ከዚያ ቀን ጀምሮ አንተ አልኩት።

ሰው የሚንተባተብ ሰው ሲያይ አንድ በሽታ አለበት፤ ቃሉን ይጨርስለታል። ደንበኞቹ እንዲያ ነበሩ። እሱ «ፍ... ፍ...» ሲል አንዱ «ፍሬን!» ይላል፣ ሌላው «ፍሪሲዮን!» ይላል፤ እንቆቅልሽ የሚፈቱ ይመስላቸዋል። አያ ልሳኑ ያን ጊዜ መፍቻውን መሬት ላይ ያስቀምጥና ዝም ብሎ ያያቸዋል። ሁሉም አፉን እስኪዘጋ ይጠብቃል። ከዚያ ቃሉን ከመጀመሪያው ፊደል ይጀምረዋል፤ በትክክል ገምተውለት እንኳ ቢሆን ይጀምረዋል። «ቃ... ቃሌን አትጨርሱብኝ» ይላል። «የ... የእናንተን ጨርሱ።» እኔም ብሆን አንድም ቀን አስጨርሼው አላውቅም። ምን ላድርግ፣ ዝምታ ሲረዝም ያሳክከኛል።

አባቱ መሪጌታ ነበሩ። እህቱ እማሆይ እንዳጫወቱኝ፣ በልጅነቱ ከአባቱ እግር ሥር ተቀምጦ ዜማ ሲማር ማንም አይደርስበትም ነበር። ይገርማችኋል፣ ሲያዜም አይንተባተብም። ምላሱ እንደ ማንም ሰው ይፈስሳል። ዳዊት ድገም ሲባል ግን፣ ዝም ብሎ በንባብ፣ ያው «መ... መ...» ይመጣል፤ ተማሪው ሁሉ ይስቃል። አንድ ቀን መጽሐፉን ዘግቶ ወጣ፤ በዚያው ብረት ቤት ገባ። የመሪጌታ ልጅ ብረት ቀጥቃጭ ሆነ ተብሎ በእኛ አገር የሚወራውን የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አባትየው ለብዙ ዘመን አላናገሩትም። ሊሞቱ ሲሉ ግን አስጠሩትና መቋሚያቸውን ሰጡት። ያ ካህናት በማኅሌት ሲቆሙ የሚደገፉት፣ ጫፉ ላይ አግዳሚ ያለው ዘንግ። ምን ብለው እንደሰጡት እማሆይም አያውቁም። አያ ልሳኑ ጋራዡ ግድግዳ ላይ፣ ዘይት ከማይረጭበት ጥግ ሰቀለው። ማንም እንዲነካው አይፈቅድም።

ወሬው በሞተረኞች ዘንድ ሲሰማ ቀልደኛ አይጠፋምና «አያ፣ እንግዲያው እያዜምክ አውራን!» የሚሉት መጡ። ሲቆጣ ያየሁት ያኔ ነው። የያዘውን ብረት ወረወረ። ሰው ላይ አይደለም፣ ግን ወረወረ። «ዜ... ዜማ የ... የአባቴ ነው» አለ፤ የሚስቀውም ሳቁን ዋጠ። ከቤተ ክርስቲያን ከወጣ ወዲህ አንድም ቀን አላዜመም ነበር፤ ሲሠራ እንኳ አያንጎራጉርም።

አሁን ወደ ብረቱ መቋሚያ ልምጣ።

ሞተር ሳይክል ማንሣት ቀላል የሚመስለው ላላነሣው ነው። የመኪና ክሪክ አናቱ እንደ ሲኒ ቂጥ ትንሽና ክብ ነው፤ የሞተር ሆድ ደግሞ ቱቦና እብጠት እንጂ ደልዳላ ቦታ የለውም። ስለዚህ ሰው ድንጋይ ይደረድራል፣ ጎረምሶች ጠርቶ ያሸክማል፣ ወይ ዘይቱ ይፍሰስ ብሎ በጎኑ ያጋድመዋል። አያ ልሳኑ ወጣት ሳለ አብሮት የሚሠራ ሰው ሞተር ከድንጋይ ላይ ተንሸራቶበት እጁ ሲደቅ አይቷል። ያን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያነሣብኝ። «አ... አሁንም ይ... ይታየኛል» አለና ዞረ።

እኔ ያን ጊዜ ከአዲስ አበባ ለሞተር ማንሻ ተብሎ የተሠራ ማቆሚያ አስመጥቼ ነበር። ቀይ ቀለም ተቀብቶ፣ ላስቲክ ለብሶ፣ ያምራል። እንግዲህ ማን ይገዛዋል ከእሱ በቀር? አያ ልሳኑ መጣ። ገበያ የወጣ በሬ እንደሚመርጥ ሰው ዞሮ ዞሮ አየው። ዳሰሰው፣ አጎንብሶ ከሥሩ አየው። «ሸ... ሸጋ ነው» አለና ወጣ። ሊመለስ ነው ብዬ ላስቲኩን ወለወልኩ። ምን ይመለሳል! ጥቂት ሰንብቶ ከግድግዳው ወዲያ ብረት ሲቆረጥ፣ ሲበየድ ሰማሁ።

ብሄድ የተጣለ የአልጋ እግር ቆርጧል። ያቺን ቁራጭ ቱቦ የክሪኩ ራስ ላይ ልክ እንደ ቆብ እንድትገባ አድርጓታል። ከላይዋ ላይ አንድ ክንድ የማይሞላ አግዳሚ ብረት በይዷል። የአግዳሚው ሁለት ጫፎች ወደ ላይ ታጥፈዋል፤ ሞተሩ ወዲያና ወዲህ እንዳይንሸራተት። ቀለም እንዳይልጥ ደግሞ ያረጀ ጎማ ቀዶ በላዩ ላይ ሰፍቶበታል። ክሪኩ ላይ ሰካው፣ ከአንድ ሞተር ሥር አስገባው፣ አነሣው፤ ከዚያ ራሱ ሞተሩ ላይ ወጥቶ እንደ ሕፃን ተወዛወዘ። አልነቃነቅ አለ።

«እኔ እኮ አንተን አምኜ ነው ያን ሁሉ ዕቃ ያስመጣሁት!» ብዬ ጮህኩበት።

«ያ... ያንቺ ይ... ይሸጣል» አለ። «ይ... ይሄ ይቆማል።» ከዚያ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የአባቱ ዘንግ በአገጩ አመለከተኝ። ለካ ቅርጹን ከዚያ ነው የወሰደው። ያው ዘንግ፣ ያው አግዳሚ። «መ... መቋሚያ» አለው። ስሙ በዚያው ጸደቀ፤ ለብረቱም ለእሱም።

ከዚያ ወዲያ ያለ መቋሚያ ሞተር አንሥቶ አያውቅም። «አ... አንዴ ነው የ... የሚወድቀው» ይላል። ያቺ አንዴ የመጣችው ብረቱን ለሰው ባዋሰ ጊዜ ነው።

ጌጡ የሚባል ሞተረኛ ነበር፤ ከመካነ ብርሃን የከብት ክትባት እያመላለሰ በየደጋው የሚዞር። ጥሩ ሰው ነው፣ ግን ቀጠሮ የሚባል ነገር አያውቅም። ወደ ደጋው ሊወጣ ሲል መጥቶ ለመነው። «አያ፣ የእኛ አገር ድንጋይ ጎማ ይበላል። ብቻዬን ሜዳ ላይ ስቀር ማን ያነሣልኛል? ያቺን መቋሚያ አውሰኝ፣ በቶሎ እመልሳለሁ።»

«ምነው ራስህ አታሠራም?» አልኩት እኔ ጣልቃ ገብቼ።

«እስኪሠራ ከብቱ ይለቅ?»

አያ ልሳኑ ብረቱን ከክሪኩ ነቅሎ ሰጠው። «ም... ምነው ሰጠኸው?» ብዬ በራሱ አነጋገር ባሾፍበት ሳቀ። ሌላ ለመሥራት የሚሆን የአልጋ እግር አልነበረውም፤ ቁርጥራጭ እስኪያገኝ ድረስ ክሪኩ ራቁቱን ቀረ። ጌጡም በቶሎ እንዳለ ደጋ ላይ ቀለጠ።

የኪዳነ ምሕረት ንግሥ ቀን ነበር። በንግሥ ቀን መንገዳችን ጭር ይላል፤ ሱቅ የሚከፍት የለም፣ ብረት የሚመታማ ጨርሶ አይታሰብም። አያ ልሳኑም በዓል ሲሽር አይቼው አላውቅም። ያን ቀን ማለዳ ግን አንድ የአዲ አርቃይ ሰው ሞተሩን እየገፋ ከጋራዡ ደጅ ደረሰ። ልጁ ታሞበታል፤ እዚያ ያጣውን መድኃኒት ፍለጋ ሊማሊሞን ወጥቶ ነው የመጣው። የኋላ ጎማው ኩሽኔታ፣ ያ ጎማውን የሚያሽከረክረው የብረት ቀለበት፣ ደቅቆ ጎማው ይንገዋለላል። በዚያ ጎማ ያንን ቁልቁለት መመለስ ገደል መግባት ነው። ሰውየው ዓይኑ እንቅልፍ አላየም። «አያ፣ በኪዳነ ምሕረት ይዤሃለሁ» አለ። በራሷ ቀን በስሟ የያዘ ሰው እንዴት ይመለሳል? አያ ልሳኑ አማተበና በሩን ከፈተ። እኔም ነጠላዬን እንደለበስኩ በጓሮ ገብቼ ኩሽኔታ አወጣሁለት። ሰውየው መድኃኒቱን ሊገዛ ሮጠ።

አያ ልሳኑ ክሪኩን ራቁቱን ከሞተሩ ሥር ሲያስገባ አይቼዋለሁ። ቆም ብሎ አየው። ከሥሩ ጣውላ ጨመረ፣ ነቅነቅ አደረገው፣ አልጣመውም። «ሌላ ቀን ይሁን» ማለት ይቻል ነበር፤ ግን የሰውየው ልጅ ሌላ ቀን አልነበረውም። እየተነፈሰ የክሪኩን ፓምፕ መታ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ የኋላ ጎማው ወለቀ። እኔ ቤተ ክርስቲያን ልሄድ ወጣሁ። ጥግ ላይ ሳልደርስ ከኋላዬ ብረት ሲወድቅ ሰማሁ። መዶሻ ሲወድቅ እንደሚሰማው አይደለም። ከባድ ነገር መሬት ሳይሆን ሌላ ነገር ላይ ሲያርፍ ነው። ነጠላዬን ሰብስቤ ሮጥኩ።

ለካ የጎማው ማሰሪያ ዳዶ አምልጦት ተንከባልሎ ከሞተሩ ሥር ገብቷል። እሱን ሊያወጣ በጎኑ ተኝቶ ክንዱን ሲዘረጋ የክሪኩ ራስ ከቱቦው ላይ ሸርተት አለ። ያ ሁሉ ብረት፣ ከኋላው የታሰረው ሙሉ የቤንዚን ጀሪካን ሳይቀር፣ በደረቱ ላይ ተጋድሟል። ክሪኩ ዘንበል ብሎ ከአንዱ ቱቦ ሥር ተሰንቅሯል። ሞተሩ ጨርሶ እንዳይወርድ የያዘው ያ የተጣመመ ክሪክ ብቻ ነው። ቤንዚን በጠብታ አንገቱ ላይ ይወርዳል። ፊቱ ተለዋውጧል።

«ወይኔ ጉዴ!» ብዬ መሪውን ይዤ ሳብኩ። ሞተሩ ወደ እኔ አልመጣም፤ ወደ እሱ ጉሮሮ ነው የተንሸራተተው። ከደረቱ አየር ሲወጣ ሰማሁ። ለቀቅኩ። ወደ መንገዱ ወጥቼ «ኧረ የሰው ያለህ!» ብዬ ጮህኩ። ማን ይስማኝ? ሁሉም ንግሥ ላይ ነው። ከሩቅ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ የማኅሌቱን ዜማ ያመጣል፤ ሌላ ድምፅ የለም። ተመልሼ አጠገቡ ተንበረከክኩ።

ክሪክ በየቀኑ እሸጣለሁ፤ በእጄ ሠርቼበት ግን አላውቅም። ከሥሩ ያለችው ቪቴ፣ ያቺ ትንሽ ብሎን፣ ስትፈታ ዘይቱ እንደሚመለስና ክሪኩ እንደሚወርድ ለደንበኛ ሁሉ እነግራለሁ። ያን ጊዜ የመጣልኝ ይሄ ነው፤ ክሪኩ ተሰንቅሯል፣ ብፈታው ይላላል፣ ሲላላ አወጣዋለሁ፣ ከዚያ ሞተሩን ወደ ወዲያ እገለብጣለሁ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ማለት ይሄ ነው። ክሪኩ ከተፈታ ሞተሩ የት ይሄዳል ብዬ አላሰብኩም።

ቪቴዋን ያዝኩና «አያ ልሳኑ፣ ልፍታው?» አልኩት።

ዓይኖቹ ሰፉ። «አ...» አለ።

«ልፍታው?»

«አ... አ...»

አዎ ሊለኝ ነው አልኩ። ምን እጠብቃለሁ? እንደ ልማዴ ቃሉን እኔው ጨረስኩለት። «አዎ? እሺ፣ እሺ፣ ቻለው!» ብዬ ቪቴዋን አዞርኩ። ሞተሩ ሲጢጥ ብሎ ትንሽ ወረደ። «አ...» አለ እንደገና፤ እንባው በጆሮው ግንድ ወረደ። እኔ አሁንም እየጨረስኩለት ነው፤ «አዎ፣ አዎ፣ በርታ!» እጄ ቪቴዋ ላይ ነው። ሁለተኛ ላዞር ነው።

ያን ጊዜ ዜማ ሰማሁ። ከድምፅ ማጉያው መሰለኝ። ድምፁ ግን ቅርብ ነው፣ ከጉልበቴ ሥር ነው። ቀጭን፣ ትንፋሽ ያጠረው፣ ግን ወለም የማይል ዜማ። ቃሉ ደግሞ ግዕዝ አልነበረም።

«አ... ት... ፍ... ቺ... ው...»

እያንዳንዷን ፊደል አባቱ እንዳስተማሩት ስቦ፣ አንሥቶ፣ ጥሎ አዜማት። አትፍቺው! «አዎ» አልነበረም፣ «አትፍቺው» ነበር። ሁለቱም በ«አ» ይጀምራሉ፤ እኔ የመጀመሪያውን ፊደል ይዤ ልገድለው ነበር። እጄን ከቪቴዋ አነሣሁ። እስካሁን ያን ሳስብ እጄን አየዋለሁ።

«መልሰሽ እሰሪ...» ብሎ አዜመ። መልሼ አሰርኩ። «መቋሚያውን...»

«የለም እኮ! ጌጡ ወስዶታል!» ብዬ አለቀስኩ።

ዓይኑን ወደ ግድግዳው አነሣ። «የአባቴን...» አለ፤ በዚያች ቃል ላይ ዜማው ተንቀጠቀጠ።

ማንም የማይነካውን ዘንግ አወረድኩ። እሱ ያዜማል፣ እኔ እታዘዛለሁ፤ እንዲያ ሆነን ሠራን። አግዳሚውን ከሞተሩ ወንበር ሥር ካለው ቱቦ ሥር አስገቢ አለ፤ አስገባሁ። የዘንጉን እግር ከደጃፉ ድንጋይ ጋር አስደግፊ አለ፤ አስደገፍኩ። በትከሻሽ ግፊው አለ፤ ገፋሁት። እንጨቱ ጮኸ። ተሰበረ ስል፣ በቁመቱ ተሰነጠቀ እንጂ አልተሰበረም። አንድ ሙሉ ሞተር በመሪጌታው መቋሚያ ላይ ቆመ። «አሁን ፓምፑን...» በአንድ ትከሻዬ ዘንጉን ይዤ በሌላ እጄ ክሪኩን መታሁ። አንዴ መታሁ፣ ደግሜ መታሁ፤ ቃል ሲያልቅበት ዜማውን ያለ ቃል ይስበው ነበር፣ እኔም ዜማው እስካልቆመ በሕይወት አለ ብዬ እመታለሁ። በደረቱና በሞተሩ መካከል ብርሃን ታየኝ። በክርኑ እየተሳበ ወጣ። ዘንጉን ለቅቄ ዘወር ስል ሞተሩ መሬት ላይ ወደቀ።

ግድግዳ ተደግፎ ተቀመጠ። ጎኑን ይዟል። እኔ ነጠላዬ በቅባት ተለውሶ፣ ፊቱ ቆሜ እንደ ሕፃን አነባለሁ። ሊናገር አፉን ከፈተ። «አ...» አለ። አፌን በእጄ ያዝኩ። «አ... አ...» የአንገቱ ሥር ተገተረ። ጠበቅኩ። ይሄን ያህል ዝም ብዬ አላውቅም። «አ... አመሰግናለሁ» አለ። ቃሉን ሳልጨርስበት ጠብቄ የሰማሁት ያን ቀን ነው።

የአዲ አርቃዩ ሰው መድኃኒቱን ይዞ ሲመለስ ያየውን አላመነም። አያ ልሳኑ ግን በዚያ ሁኔታው «ኩ... ኩሽኔታው» እያለ ነበር። ከንግሥ የተመለሰ ሌላ መካኒክ ጠራሁና አስገጠምኩለት፤ ሰውየውም ቀን ሳለ ወረደ። ልጁ እንደዳነለት በኋላ ደውሎ ነግሮናል። ሰፈሩ ግን ሌላ ሌላውን አወራ፤ በዓል ሽሮ ኪዳነ ምሕረት ቀጣችው አሉ። እማሆይ ይሄን ሲሰሙ «ማን አወጣውና?» ብለው አፋቸውን አዘጓቸው።

የጎን አጥንቱ ሁለት ቦታ ተሰንጥቆ ነበር። ተኝቶ ሳለ ጌጡ የብረት መቋሚያውን ይዞ ከደጋ መጣና አልጋው ሥር ተንበረከከ። «አያ፣ እኔን በገደለኝ! እኔ ነኝ እንዲህ ያደረግኩህ» እያለ። አያ ልሳኑ ሳቀ፤ ሲስቅ ጎኑን ስለሚያመው እየሳቀ «እ... እህህ» ይላል። «ከ... ከብቱ ተ... ተከተበ?» ነበር ያለው።

ሲያገግም የመጀመሪያ ሥራው የተሰነጠቀውን የአባቱን ዘንግ በሽቦ ጠምጥሞ መልሶ መስቀል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ፣ ያገኘውን ሁሉ የአልጋ ብረት እየቆረጠ የብረት መቋሚያ መሥራት። ለመንገደኛው ሁሉ ሰጠ። ለላዩ የሚሆን አሮጌ ጎማ ከእኔ ነበር የሚወስደው፤ ቀዩ ማቆሚያዬ እስካሁን ላስቲኩን እንደለበሰ መደርደሪያ ላይ አለ፣ እኔም የሚገዛው ሲመጣ ከጎረቤት ሂድ እል ነበር። እያስረከበ አንድ ነገር ብቻ ያሳስባቸዋል። «ያ... ያለ መቋሚያ አ... አታንሡ።» ሞተረኞቹም እንዲያ የሚያፌዙት እንኳ እስኪጨርስ ቆመው መስማት ጀመሩ። እኔ ነኝ ያስጀመርኳቸው። አንዱ አፉን ሊያሾልክ ሲል በመፍቻ እጁን እለው ነበር።

አንድ ቀን ድፍረት አገኘሁና ጠየቅኩት። «አያ ልሳኑ፣ ያኔ እንዲያ አማርኛው ፈሰሰልህ። ምነው አሁንም እያዜምክ አትናገርም? ማን ይስቅብሃል?»

መፍቻውን መሬት ላይ አስቀመጠ። «ያ... ያ ለነፍስ ነው» አለ። «ለ... ለዕቃ አ... አላወጣውም።»

ከዚያ ወዲያ አልጠየቅኩትም። ሲያዜምም አልሰማሁትም።

አሁን ትናንት ጋ ደረስኩ። ኩላሊቱን ከታመመ ወዲህ እየተመላለሰ ሆስፒታል ይተኛ ነበር። በየሳምንቱ እጠይቀዋለሁ፤ ሁሌ እኔ አወራለሁ፣ እሱ ይሰማል። ትናንት ግን ፊቱን ሳየው የማወራው ጠፋኝ። እጁን ያዝኩ። ብረት ለዘመናት የያዘ እጅ እንዲህ ይቀላል ብዬ አላስብም ነበር። ፈራሁ። በፍርሃቴ ሰው ለታማሚ የማይጠይቀውን ጠየቅኩት።

«አያ ልሳኑ፣ ትነሣለህ አይደል?»

«አ...» አለ።

ጠበቅኩ። የአንገቱ ሥር ተገተረ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ፣ አየኝ። «አ... አ...» እኔ ተምሬያለሁ። አልነካሁትም። አዎ ይሁን፣ አይ ይሁን፣ አታልቅሺ ይሁን፣ የእሱ ቃል ነው። ያዜምልኝ ይሆን ብዬ ጆሮዬን ወደ አፉ አስጠጋሁ። ጥበቃው መጥቶ «እመቤት፣ ሰዓት አልቋል፣ ውጡ» አለ። «ትንሽ! ትንሽ ብቻ!» አልኩት። አልሰማኝም። ወደ ኋላዬ እየሄድኩ ወጣሁ፤ በሩ ሲዘጋ ከንፈሩ ገና እዚያው ፊደል ላይ ነበር።

ቀብሩ ላይ ከየደጋው ሞተረኛ መጣ። በየሞተሩ ወንበር ሥር ያ ከአልጋ እግር የተቆረጠ ብረት ታስሯል። ካህናቱ ሲያዜሙ እማሆይ በሽቦ የተጠመጠመውን ዘንግ ተደግፈው ቆሙ፤ እኔ ከጎናቸው ነበርኩ። ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን እማሆይ ወደ እኔ ዞሩ።

«የሺ ልጄ፣ ለመጨረሻ ያየሽው አንቺ ነሽ። ምን አለሽ ወንድሜ?»

ለማጽናናት ብዋሽ ስንት ነገር ይፈጠር ነበር! ግን አፌ እምቢ አለኝ።

«ትነሣለህ አይደል አልኩት» አልኳቸው።

«እሱስ?»

«አ... አለኝ።»

ጌጡ ከማዶ ተቀምጦ ያለቅስ ነበር። «አዎ ሊል ነው!» አለ ቀና ብሎ። «አዎ፣ እነሣለሁ ሊል ነው።» ከጎኑ ያለው ሽማግሌ ራሱን ነቀነቀ። «ሰው እኮ ሞቱን ያውቃል። አይ፣ አልነሣም ሊል ነው እንጂ...»

ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። እንባዬ መጣ፤ ድምፄን ግን ድንኳኑ ሁሉ ሰማው።

«ዝም በሉ! ቃሉን አትጨርሱበት።»